ጉልበት የሚሸፍነው ቀሚስ

በአትላንታ ሙዚየም ውስጥ አንዲት ሐበሻ ጥበቃ፣ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት አንዲት የባሌት ዳንሰኛ የለበሰችውን ቱቱ የሚባል ጉም የመሰለ የዳንስ ቀሚስ ትጠብቃለች። ከዩኒፎርሟ ጋር ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ ሰው ገለል ሲል መስታወቱን በእጅጌዋ ትወለውላለች።

"አንቲ፣ ይሄ ቱቱ ለምን ሎንግ ሆነ?" አለቻት አንዲት ትንሽ ሐበሻ ልጅ። "የኔ እኮ ሾርት ነው!"

"ያኔ ጉልበት መሸፈን ነበረበት፣ የኔ ቆንጆ።"

የራሷ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ልትወጣ ስትል፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሰው አፍራ ቱቱውን በነጠላ ቁራጭ አስረዝማባት ነበር። ልጅቷ አልቅሳ ከመድረኩ ቀረች፤ ዳግመኛም አልደነሰች። ዘንድሮ ሞተች። እናትየው ቅጥያውን የተረተረችው ከቀብር ስትመለስ ነው።

ወደ ትንሿ ልጅ ጎንበስ አለችና፣ "እማዬ ላስረዝመው ካለችሽ፣ እንቢ በያት" አለቻት።