የማይነቃነቀው የቤት ስልክ

ድንበር የሚሻገር ሰው መንገድ ላይ ስልኩን እንደሚቀሙት እኛ መተማዎች ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። ስለዚህ ተጓዥ ሁሉ ከመውጣቱ በፊት አንድ ቁጥር በቃሉ ይይዛል። ታናሽ ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሲሄድ የያዘው የእናቴን የቤት ስልክ ነበር። «ሲም ይጠፋል፤ የቤት ስልክ ግን እንደ ቤቱ ነው፣ ከቦታው አይነቃነቅም» አለኝ። ብልሃቱን አደነቅሁለት። እዚያ ጦርነት ሲነሳ ድምፁ ጠፋ። እናቴም ከስልኩ አጠገብ መራቅ ተወች።

ስልኩ የሚመጣው በመዳብ ሽቦ ነበር። ኢንተርኔቱም በዚያው ይመጣል፤ ይመጣል ከተባለ። አስተማሪ ነኝ። የተማሪዎቼን ውጤት ልልክ ስል ገጹ እስኪከፈት ሽንኩርት ልጬ፣ ከትፌ፣ ወጥ እጥዳለሁ። ዝናብ ከጣለ ደግሞ መስመሩ ይንጫጫል። ሠራተኞች የሰፈራችንን መዳብ ነቅለው በፋይበር ሊቀይሩ ሲመጡ ደስታዬን አልደበቅሁም። እናቴ ግን በሩ ላይ ቆመች።

«ቁጥሬስ?»

«አይዞዎት እናቴ፣ ቁጥርዎ ያው ነው» አላት አንዱ።

እውነቱን ነው፣ አልተቀየረም። አረንጓዴ መብራት ያላት ነጭ ሳጥን ግድግዳው ላይ ሰቀሉና ስልኩን ከሷ ጋር አገናኙት። ያን ሰሞን ቪዲዮ ሳይቀር ወዲያው ይከፈትልኝ ጀመር።

ከዚያ መብራት ጠፋ። መብራት መጥፋቱ ለከተማችን ብርቅ አይደለም፤ ብርቁ ስልኩም አብሮ መጥፋቱ ነው። እናቴ እጀታውን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች «ዝም አለ» አለችኝ። ሠራተኛውን አፈላልጌ አገኘሁት። መዳብ ድምፅ ብቻ ሳይሆን ስልኩን የሚያሠራ ኤሌክትሪክም ከቴሌ ጣቢያው ይዞ ይመጣል አለኝ፤ ከተማው ሁሉ ጨለማ ሆኖ ስልካችን ይጮህ የነበረው ለካ ለዚህ ነው። ፋይበር ግን መስታወት ነው። ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ሳጥኗ ከቤት መብራት ካላገኘች ስልኩ አይጠራም።

«ይኸን ቀድማችሁ ብትነግሩን ምን ነበር?» ብዬ ጮህኩበት።

«የጠየቀን የለማ» አለ።

መብራቱ የተመለሰው ከሳምንታት በኋላ ነው። እኔም ስልኩ ዳግም እንዳይጠፋብን የባጃጅ ባትሪ ፈልጌ ከሳጥኗ ጋር አስገጠምኩ። እናቴ ሞባይሉን ከዚያ ባትሪ ሊሰካ የመጣውን ሁሉ፣ ቄስም ይሁን ጎረቤት፣ አታስጠጋም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መብራት ጠፍቶ በሙቀት ስንቃጠል፣ ስልኩ ጮኸ። እናቴ አነሳችና የማታውቀው ድምፅ ሲሆንባት ለኔ ሰጠችኝ። አማርኛው ዐረብኛ የተቀላቀለበት ሰውዬ ነው።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ወንድምሽ እዚህ ገዳሪፍ እኔ ዘንድ ነበር። በኔ ስልክ ስንቴ ደወለላችሁ! አይጠራም። መተማም ተኩስ አለ ሲባል ሰምቷል፤ ‹ስልኩ ከሌለ ቤቱም የለም፣ ወዴት እመለሳለሁ?› አለና ከሰዎች ጋር ወደ ሊቢያ ሄደ። ዛሬ እንዲያው ልሞክር ብዬ ነው።»

እጀታውን ማስቀመጥ አቃተኝ።

«ምን ይላል?» አለች እናቴ።

«በሕይወት አለ።»

ፈጣሪዋን ልታመሰግን እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ወዲያው መልሳ አወረደችው። «ታዲያ ምነው አይደውልም?»

«ደውሎ ነበር፤ ስልኩ ዝም ባለ ጊዜ።»

ስልኩን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«እኔኮ የትም አልሄድኩም» አለች።