የመርዶ ዋዜማ በውቢት ሻይ ቤት

ውቢት ደባርቅ ላይ፣ ከመናኸሪያው በታች ሻይ ቤት ከከፈተች ወዲህ የማይደርሳት ወሬ የለም፤ ከአፏ የሚወጣው ግን ጥቂት ነው። ተወልዳ ያደገችው፣ ተድራም ባሏን ያጣችው ዳባት ነው። ያጣችበትን መንገድ እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ባሏ ሰሊጥ ሊያጭድ በረሃ ወርዶ ሲሞት ዘመዶቹ ጎህ ሲቀድ ሊያረዷት ተማክረው ነበር። እሷ ምንም ሳታውቅ ገበያ መሐል ጨው ስትገዛ አንድ መንገደኛ "እግዜር ያጽናሽ" ብሏት አለፈ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ የሰማች መስሎት ነው። የማያውቋት ሰዎች ውኃ እየረጩ አነሷት። ከዚያ ወዲህ መርዶ ሲነጋ፣ በገዛ ቤት፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የነፍስ አባት ባለበት ካልሆነ መነገር የለበትም ትላለች። በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም።

በዚያ ሰሞን የሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ሰውን አስመርሮት ነበር። ባሕር ማዶ ያለ አንድ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያ አክሲዮኑን ለገበያ ሊያወጣ ነው ተብሎ ጧት እሱ፣ ቀን እሱ፣ ማታ እሱ ሆነ። ዜና አንባቢዋ የራሷ ሰርግ የደረሰ ይመስል ትፍነከነካለች። ከረባት ያሰሩ ሰዎች ተደርድረው ዋጋው ይወጣል፣ ይወርዳል እያሉ ይጨቃጨቃሉ፤ ከቴሌቪዥኑ ማያ ጥግ ደግሞ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ተለጥፏል። ገብሱን ውርጭ የመታበት ገበሬ፣ ማዳበሪያ መጣ ወይስ አልመጣ ብሎ ዜና ሊሰማ የገባ ሰው፣ ስለ አክሲዮን ሲነገረው ቆይቶ ሻዩን ጨልጦ ይወጣል። አንዲቱንም እንደማይገዛት ማን በነገራቸው! በመጨረሻ ደንበኞቹ ነገርዬዋን "ሙሽሪት" አሏት።

"ዛሬም አልወጣችም?" ይላል አንዱ።

"ገና እየኳሏት ነው" ይላል ሌላው።

ኋላ ኋላ ይኸም ቀልድ ሰለቸ። ከሁሉ ይልቅ የምትራገማት ግን ውቢት ራሷ ነበረች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ የሺዋስ ይመጣሉ። ቡይት ራስ ላይ በፓርክ ጥበቃ ሥራ ያረጁ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሰው ናቸው። ስልክ አልወድም ብለው በሬዲዮናቸው ብቻ የቀሩ ሲሆን፣ የማታውን የክልል ዜና ግን ከሰው ጋር ካልሰሙት አይጥማቸውም። ሦስት ልጆች አሏቸው። ሙሌ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ስጦታ በየዳ ያስተምራል፤ ትንሿ ሶልያና ጎንደር ትማራለች። የሦስቱንም ወሬ እያፈራረቁ ያወሩላታል።

"አንቺ ውቢት፣ ያችን ሙሽሪት አሰናብቻትና ያገራችንን ወሬ እንስማበት" ይሏታል እንደገቡ።

"ድራሿ ይጥፋ!" ትልና ጣቢያውን ትቀይራለች። በየቀኑ እንዲህ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቄስ ወልደ ገብርኤል በጓሮ በር ገቡ። የአያ የሺዋስ የነፍስ አባት ናቸው። ቁጭ በሉ ብትላቸው እንቢ አሉ።

"ሙሌ አረፈ" አሏት። "ሊማሊሞ ላይ መኪናው ተገልብጦ። ሬሳው እዚሁ ሆስፒታል ነው።"

ውቢት አፏን በነጠላዋ ያዘች። "አያስ ሰሙ?"

"አልሰሙም። ዘመድ ተሰብስቦ ሲነጋ በቤታቸው እናረዳቸዋለን። ሁለቱ ልጆቻቸውም ረፋዱ ላይ ይደርሳሉ። የእኅታቸው ልጅ ገዱ የሬዲዮናቸውን ባትሪ ድንጋይ አውጥቶ ደብቋል። የቀረው ያንቺ ቤት ነው። የክልሉ ዜና አደጋውን ከነስሙ ይናገራል አሉ።"

"ዘግቼ ልጥፋ?"

"ብትዘጊ ሌላ ሻይ ቤት ይሄዳሉ፣ ልጄ። እዚሁ ያዥልን።"

ቄሱ ሲወጡ ውቢት ቀና ብላ ቴሌቪዥኑን አየችው። አገር ቢገለበጥ ከሙሽሪት በቀር ሌላ የማይናገር ጣቢያ ተከፍቶ ነበር። ስትረግመው የከረመችውን ወሬ ዛሬ እግዜር የላከላት መሰላት። ሙሌ ማረፉን ለደንበኞቿ አንድ በአንድ በጆሯቸው ነግራ፣ ሁሉም ወሬውን በሙሽሪት እንዲይዝ ለመነቻቸው።

አያ የሺዋስ ሲገቡ ቤቱ በሙሉ ብድግ አለ።

"ኖር!"

"በእግዜር! ተቀመጡ እባካችሁ፣ ጳጳስ አደረጋችሁኝ እኮ" አሉና ጥጋቸውን ያዙ።

ውቢት ሻይ አቀረበች። ትናንት ቴሌቪዥኑን በበርጩማ ልበለው ብሎ የፎከረው፣ እንግዳው የተባለ ሥጋ ሻጭ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ለመሆኑ አክሲዮኗ በስንት ትከፈት ይሆን?" አለ።

"ዋናው ፈላጊዋ መብዛቱ ነው" አለ ልብስ ሰፊው ብርሃኔ፣ ዓይኑን ከማያው ሳይነቅል።

"እናንተ ሰዎች፣ ምን ነካችሁ?" አሉ አያ የሺዋስ።

ሥጋ ሻጩ ሻዩን ማማሰል ያዘ። ማያው ላይ ደወል ተደወለ፤ ሰዎች ተቃቀፉ፤ ብጥስጣሽ ወረቀት ከላይ ይዘንብባቸው ጀመር። ዜና አንባቢዋ በደስታ ድምጿ ሰለለ።

"ይኸው ወጣችላችሁ፤ ተገላገልን" አሉ ሽማግሌው። "በይ አሁን ቀይሪልኝ፣ ዜናው ደርሷል።"

"ዛሬ ይችን እንያት፣ አያ።"

"ምን?"

"እንዲያው ዛሬን ብቻ… ዋጋዋን እንስማ።"

አያ የሺዋስ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ሥጋ ሻጩን፣ ቀጥሎም አንገቱን የደፋውን ብርሃኔን አዩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገደል ለገደል ዋልያ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከዓይናቸው የሚያመልጥ የለም፤ ውቢት ፊቷን ወዴት እንደምታደርገው ጠፋት።

"ውቢት" አሉ ቀስ ብለው። "ማን ሞተብኝ?"

ውቢት አፏን ስትከፍት እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት።

"ተይ። ቤት እያለኝ፣ አባ ወልደ ገብርኤል እያሉልኝ፣ ሻይ ቤት ተቀምጬ መርዶ አልሰማም። ሲነጋ ይምጡ።"

ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ማንም ሊሸኛቸው አልደፈረም፤ ቢሸኟቸው ነገሩን ማረጋገጥ ይሆናል።

ውቢት የቴሌቪዥኑን ገመድ ከግድግዳው መነጨቀችው። ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። አያ የሺዋስ የሞተባቸው የትኛው ልጅ እንደሆነ አያውቁም። የአንዱን ሞት እስኪነጋ ልትሸሽግላቸው ብላ የሦስቱንም አሸክማ ሰደደቻቸው። ሮጣ ልትነግራቸው ደጅ ድረስ ወጣች፤ ሥርዓቱን ፈርታ ተመለሰች። በራሷ እንደዚያ ተናዳ አታውቅም።

ገና ጎህ ሲቀድ፣ ቄሱ ከፊት፣ ዘመድና ጎረቤት ከኋላ ሆነው ወጡ። ውቢትም ተከተለች። ሰውየውን ከእንቅልፍ እንቀሰቅሳለን ብለው ነበር የሄዱት። አያ የሺዋስ ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ግቢው ተጠርጓል። ለለቅሶተኛ የሚሆን አግዳሚ ወንበር ሌሊቱን ከየጎረቤቱ ደጅ አንሥተው፣ በዚያ ጉልበታቸው ብቻቸውን ደርድረውታል።

ቄስ ወልደ ገብርኤል መስቀላቸውን አሳለሟቸውና እንደ ወጉ ከሩቅ ጀመሩ፤ ስለዚህ ዓለም አላፊነት፣ ስለ ጻድቁ ኢዮብ ትዕግሥት።

"የትኛው ነው፣ አባ?" አሉ አያ የሺዋስ።

"ይረጋጉ የኔ ልጅ፣ አስቀድመን…"

"የትኛው ነው?"

ቄሱ ወደ ኢዮብ ተመለሱ። የሽማግሌው ዓይን ከሰው ፊት ወደ ሰው ፊት ይዘዋወር ጀመር፤ ከንፈራቸው የሦስቱን ስም ያለ ድምፅ ይጠራል። ውቢት ይኸን መቻል አቃታት።

"ሙሌ ነው!" ብላ ጮኸች ከኋላ። "ሙሌ ነው አያ፣ ሁለቱ ደኅና ናቸው! እየመጡ ነው!"

ዘመዶቹ ዞረው አፈጠጡባት። ገዱ ክንዷን ያዛት።

አያ የሺዋስ በሰው መሐል ፈልገው አዩዋት።

"እግዜር ይስጥሽ" አሏት። አያ የጮኹት ከዚያ በኋላ ነው።