የሦስት ደቂቃ ትርፍ

ያን ሳምንት ተረኛ መምህር ነበርኩ። ተረኛ ከተማሪ ቀድሞ በር ላይ ይቆማል፤ ያረፈደውን ያስቆማል፣ ምክንያቱን ይጠይቃል። ርዕሰ መምህሯ ሰኞ ዕለት አስጠንቅቀውኛል፦ «አንተ ራስህ ካረፈድክ እነሱን የምትናገርበት አፍ አይኖርህም።»

ማክሰኞ ጠዋት ከጀሞ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ አልሞላ ብሎ አቆየን። ስንነሳ የቀረኝ ጊዜ ለመንገዱ ብቻ የሚበቃ ነበር። ሬዲዮው ላይ በከተማ ውስጥ የሚፈቀደው ፍጥነት ከፍ ይበል አይበል እያሉ ይከራከራሉ። ተሳፋሪውም ለሁለት ተከፈለ።

«ይጨመር» አለ ሹፌሩ። «በዚህ ሰፊ አስፋልት እንደ ሙሽራ መኪና እንሂድ እንዴ?»

«አንተ ጨምር፣ እኔ ዜብራ ላይ እንደ ፍየል ልዝለልልህ» አሉ አጠገቤ ዘንቢል ታቅፈው የተቀመጡ እናት።

እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። እስክሪብቶ አውጥቼ መዳፌ ላይ አሰላሁ። «መንገዱ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው እንበል። በአርባ ብንሄድ ዘጠኝ ደቂቃ፣ በስድሳ ብንሄድ ስድስት። ትርፉ ሦስት ደቂቃ ነው። ለሦስት ደቂቃ ሰው ይገጫል?»

«ቲቸር፣ በሦስት ደቂቃ እኮ እኔ አንድ ታክሲ እሞላለሁ» አለ ረዳቱ።

«ዛሬ ታዲያ ምን ነክቶህ ነው ግማሽ ሰዓት ያስቀመጥከን?» አሉት እናትየዋ።

እውነቱን ለመናገር እነዚያ ሦስት ደቂቃዎች በጣም ያስፈልጉኝ ነበር። መንገዱ ክፍት ሲሆን ሹፌሩ ነዳው፤ እኔም ቀስ በል አላልኩትም። ለህሊናዬ ያህል ግን መኪና ፍሬን ተይዞ እስኪቆም ስንት ሜትር እንደሚሄድ ማስረዳት ጀመርኩ። አንደኛ፣ ዓይን አደጋውን እስኪያይ፤ ሁለተኛ፣ እግር ፍሬኑን እስኪረግጥ፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ መውረጃዬ መካኒሳ አቦ በመስኮቱ አለፈ።

«ወራጅ አለ!»

ታክሲው የቆመው ከመውረጃዬ ብዙ ርቆ ነው። ረዳቱ በሩን እየከፈተ፣ «ቲቸር፣ የፍሬኑን ርቀት በእግርህ ለካው» አለኝ። ለካሁት። መመለሻው ብቻ አምስት ደቂቃ ፈጀ።

በትምህርት ቤቱ በር ላይ ያረፈዱ ተማሪዎች ተሰልፈዋል። በእኔ ቦታ ርዕሰ መምህሯ ቆመዋል።

«ምክንያት?» አሉኝ።

በመንገድ ላይ ጥሩ ማብራሪያ አዘጋጅቼ ነበር። ተማሪዎቹ በሙሉ አፌን ሲያዩ ግን፣ «አርፍጃለሁ» ብቻ አልኩ።

በእኛ ትምህርት ቤት ያረፈደ ግቢው ውስጥ ወረቀት ለቅሞ ነው ክፍል የሚገባው። ቦርሳዬን አስቀምጬ ከእነሱ ጋር ጎንበስ አልኩ። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ ማርፈድ የማይሰለቻት፣ ጠጋ ብላ አየችኝና፣ «ቲቸር፣ አጥሩ ሥር ይጀምሩ። ነፋሱ ሁሉንም እዚያ ነው የሚሰበስበው» አለችኝ።

አመስግኜ ወደ አጥሩ ሄድኩ።