ቀለህ መሙያ ልገዛ ሄጄ

እህቴ ልትዳር ሁለት ሳምንት ሲቀራት አባቴ ከዝናሩ አንዲት ጥይት አልሰጥም አለ። በእኛ መንደር ሠርግ የሙሽራው ወገን እየተኮሰ ሲመጣ የሙሽሪት ወገን ተኩሶ ካልተቀበለ ወሬው ክረምቱን ሙሉ አያባራም። አባቴ ደግሞ ምንሽርና ሃያ ጥይት ጢም ያለበት ዝናር ያለው ሰው ነው። ጠመንጃውን እንድሸከምለት ይፈቅድልኛል፤ ዝናሩን ግን እናቴ እንኳ አትነካውም። ለልጁ ሠርግ አንዲት ጥይት የሚሰስት ምን ዓይነት አባት ነው እያልኩ በንዴት ነደድኩ።

መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ ገበያውን የሞላው የክላሽ ጥይት ነበር፤ የምንሽር አይገኝም። ስለዚህ የተተኮሰ ቀለህ መልሶ የሚሞላ መሣሪያ ገዝቼ ራሴ ልሞላ ቆረጥኩ። ስለ ሥራው የማውቀው አንድም ነገር አልነበረም። መሐል ሜዳ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ፣ አንድ ሽማግሌ ብረት ሠሪ እንዳሉ ሰማሁ። ለልክ ይሆነኛል፣ አንዲት ሳላጎድል እመልሰዋለሁ ብዬ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ዝናሩን ከመስቀያው አወረድኩና በበርኖሴ ሥር ታጥቄ ወጣሁ።

ሽማግሌው ሁለት መሙያ አወጡልኝ። አንዱ ከመኪና ክሪክ የተሠራ፣ እየተጠመዘዘ ቀስ ብሎ የሚጫን ነው፤ ሌላው ረጅም እጀታ ያለው፣ ባንድ ጊዜ የሚጨርስ። በሬ እንደሚገዛ ሰው ዞርኳቸው፤ አዋቂ ለመምሰልም አንዱን በጣቴ አንኳኳሁ። ዓይኔ ያረፈው ባለ እጀታው ላይ ነው።

«የቱ ይሻለኛል፣ አባባ?»

«ሞልተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያ የክሪኩን ውሰድ። የሚፈጥነው ስሕተትህንም ያፈጥነዋል» አሉና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሁለት ጣት የለውም። «ይኸ በባለ እጀታው ነው።»

ክው አልኩ። የዕለቱ ድንጋጤ ያ ብቻ መስሎኝ ነበር።

«በል ለልኩ አንድ ጥይት አሳየኝ» አሉ። የዝናሩን ክዳን ከፍቼ አንዱን ሰጠኋቸው። በመዳፋቸው መዘኑት፤ ጆሯቸው ሥር ነቀነቁት፤ ገልብጠውም ቂጡን አዩ። ከዚያ ጫፉን በጥፍራቸው ገፋ ቢያደርጉት ወለቀ። ከቀንድ ተቀርጾ በሰም የተጣበቀ ነበር።

«ይኸማ የተተኮሰ ነው። የጠመንጃ መርፌ የወጋው ይኸውና።»

ሌላ ሰጠኋቸው። ሌላም። ሃያውንም አወጣሁ፤ ሃያውም ባዶ ቀለህ ነበር።

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አሉ በቀስታ። «ቀለሁም አርጅቶ ተሰንጥቋል፣ ልጄ። ይኸን ልሙላ የሚል የኔን እጅ ይይ።» ከዚያ የወለቀውን ቀንድ መልሰው አጣበቁልኝ።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በሐሳቤ የመጣው ሠርጉ አልነበረም። ከአራት ዓመት በፊት ሦስት የታጠቁ ሰዎች በጎቻችንን ሊነዱ መጥተው ነበር። አባቴ ምንሽሩን ደግኖ የበረቱ በር ላይ ቆመና «አንድ እርምጃ የጨመረ እናቱን ያስለቅሳል» አላቸው። እኔ ዱላ ይዤ ከኋላው ቆሜያለሁ፤ ዝናሩን እያየሁ ምንም አልፈራሁም። ሰዎቹ ተመልሰው ሄዱ። ለካ በባዶ ብረት ነው ደረቱን የሰጣቸው።

መሙያውን ሳልገዛ ተመለስኩ። አባቴ ደጅ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ዝናሩን ከወገቤ ፈትቼ ሰጠሁት።

«አየኸው?» አለኝ።

«አየሁት።»

«እኔም ካባቴ የተረከብኩት እንዲሁ ነው።» ክዳኖቹን አንድ በአንድ ዘጋ። «ያኔ ባዶ መሆኑን ብታውቅ ከኋላዬ ትቆም ነበር?»

እዚያው ደጁ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

የሠርጉ ዕለት የሙሽራው ወገን ሦስት ጊዜ ተኮሰና ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አባቴን አየ። ዝናሩን ታጥቆ፣ ምንሽሩን ይዞ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አጠገቤ የነበረው ጎረቤታችን «ለልጁ እንኳ አንዲት?» አለ፣ ሳይደብቅ።

ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «ተወው፣ ስስታም ነው። ሃያውንም ይዟቸው ይቀበራል።»

አባቴ ሰምቷል። ዞሮ አላየኝም፤ ወደ ቤት ስንገባ ግን ዝናሩን ፈትቶ እንድሰቅለው ሰጠኝ።