ቱርጁማኑና ወንበሩ

የቢቸናው የኔሰው ከአማርኛ በቀር አንድም ቋንቋ አያውቅም፤ ሆኖም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የውጭ ፊልም ሲተረጉም ኖሯል። በቪዲዮ ቤቱ ጥግ ማይኩን ይይዝና ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት እሱ ይከፍታል። ሕንዱም ቻይናውም በእሱ አንደበት ጎጃሜ ነው፤ ሲጣላ "በሕግ አምላክ!" ይላል፣ ሲያፈቅር ሽማግሌ ይልካል። ቋንቋውን እንደማይችል ያልሰማ የለም፤ ቢሆንም አገሩ "ቱርጁማኑ" ይለዋል። ዛሬ ዛሬ ስልክ ሰዉን ወስዶበት፣ በገበያ ቀን አሥር ሰው ከመጣለት ተመስገን ነው።

ፊልም የሚያመጣው ሞጣ ካለው የአብዱሰመድ ሱቅ ነው። አብዱሰመድ ለደንበኛ የሚጭነው ሌላ፣ ለራሱ የሚያስቀምጠው ሌላ ነው፤ የትም የማይገኙ፣ ለሙከራ የተሠሩ አጫጭር ፊልሞችን ይሰበስባል። ባለፈው አንዷን በፍላሽ ጫነለትና፣

"ጋሽ የኔሰው፣ ይችን ከተረጎሙ እውነትም ቱርጁማን ነዎት" አለው እየሳቀ።

ነገሩ ከነከነው። ስሙም እንጀራውም ያ አፉ ነው። ቀድሞ እንኳ ሳያያት ለገበያ ቀን አዘጋጃት።

ቀኑ ደርሶ ሲከፍታት፣ ባዶ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ በመስኮት የገባች ፀሐይ። ሌላ ምንም የለም። የኔሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ይህ ወንበር የነፍሰ ገዳዩ ነው! አሁን ይመጣል!"

አልመጣም።

"መንገድ ላይ ነው! ዝናብ ይዞት ነው!"

"በዚህ ፀሐይ?" አለ ከኋላ አንዱ።

ጌሿቸውን ሸጠው ከፊት አግዳሚ የተቀመጡት እትዬ ወለተ ሐና ወደ የኔሰው ዘወር አሉ። "ኧረ አንተ ልጅ፣ እስቲ ዝም በል! ፀሐይዋ ወንበሩ ጋ ልትደርስ ነው!"

የኔሰው በስልሳ ዓመቱ አፈረ። ማይኩን ዝቅ አደረገ። ብርሃኑ ወለሉን ቀስ እያለ አቋረጠ፣ የወንበሩን እግር ነካ፣ ወጣ ወጣ አለና መቀመጫው ላይ አረፈ።

"እሰይ!" አሉ ወለተ ሐና። ከኋላ ተጨበጨበ። ከዚያ ክፍሉ ጨለመና ፊልሙ አለቀ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። "ታዲያ ምን ማለቱ ነው?"

የኔሰው ማይኩን አነሳ። እዚህ ቤት አንድም ቀን ያልተናገራት ቃል ከአፉ ወጣች። "እኔ እንጃ።"

ማንም አልሳቀበትም። "እንግዲያማ ድገመዋ!" አሉ ወለተ ሐና።

ከመጀመሪያው ከፈተው። ማይኩን ነቀለና ወደ ፊተኛው አግዳሚ ሄደ።

"እትዬ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ። እስቲ እኔም ፊልም ልይ።"

ጠጋ አሉለት።