ከውሃ ሊያወጡኝ የመጡ ዘመዶች

ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ከወንዙ ሁለት ብሎክ ከፍ ብሎ ባለ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን እኖራለሁ። ዘመዶቼ «ወንዝ ነው» ይሉኛል፤ እኔ ግን ባሕር ዳርቻ ነው የምኖረው ብዬ ድርቅ እላለሁ። ምክንያት አለኝ። ባሕሩ ሲሞላ ወንዙን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ወንዙም መሄጃ ሲያጣ የኛ መንገድ ላይ ይወጣል። ባለሱቆቹ በራቸው ላይ የአሸዋ ከረጢት ይደረድራሉ፤ ጎረቤቴ ሽማግሌ ፈረንጅ ወንበር አውጥተው ያያሉ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ውሃው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ማንም አይደነግጥም። ይህችን ከተማ የምወዳት ለዚህ ነው።

በመስከረም አንድ ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ዳክዬዎች የእግረኛ ማቋረጫውን ጠብቀው ሲዋኙ አየሁና ቪዲዮ ቀርጬ ለቤተሰቡ ግሩፕ ላክሁ። እንዲስቁ ነበር። አክስቴ ግን «ልጃችን በውሃ ተከባለች፣ ጸልዩላት» ብላ ለማኅበሯ አስተላለፈችው። ዳክዬዎቹን ማንም አላነሳቸውም።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ደረጃው ከላይ እስከ ታች ነጠላ በለበሰ ሰው ተሞልቷል፦ እናቴ፣ አክስቴ፣ አጎቴ፣ እና ከሲልቨር ስፕሪንግና ከጀርመንታውን የመጡ ዘጠኝ የማኅበር ሰዎች። አጎቴ አንገታቸውን ደፋ አድርገው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉኝ። የሞተ ሰው የለም። አክስቴ ምንጣፌን በእጇ ዳበሰችና ደረቅ ሆኖ ስታገኘው ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ። ሽሮ፣ ድርቆሽና ብርድ ልብስ ይዘዋል።

እናቴ የያዘችው ግን ባዶ ካርቶን ነው።

«እኔ ቤት ታች ያለውን ቤዝመንት አጽድቼልሻለሁ» አለች። «ዛሬ እንሄዳለን።»

ሰኞ የኪራይ ውሌን የማድስበት ቀን እንደሆነ ታውቃለች። አባቴ ካረፈ ወዲህ በየሳምንቱ በስልክ የምንጨቃጨቀው በዚሁ ነው፤ አሁን ደግሞ አሥራ አንድ ምስክር ይዛ መጣች። ከልቤ ፈራሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እናቴን እምቢ ማለት አልችልበትም።

ጊዜ ለማግኘት ሽሮውን አሙቄ አቀረብኩ። አጎቴ ሲደገምላቸው የከተማዬን ሰው ማማት ጀመሩ።

«እነዚህ ሰዎች ፓርክ ማድረግ አያውቁም» አሉ። «ታች ወንዙ ጋ መንገዱ ወለል ብሎ ባዶ ነው። ስድስቱንም መኪና እዚያው ደረደርነው።»

ሰዓቴን አየሁ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። ትናንት በስድስት የወጣ ውሃ ዛሬ በሰባት ይወጣል።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ይነሱ።»

ስንወርድ ውሃው ቀድሞናል። ስድስቱም መኪኖች እስከ ጎማቸው ግማሽ ተውጠዋል። አጎቴ ሱሪያቸውን ጉልበታቸው ድረስ ሰብስበው ገቡ፣ መኪናቸውን አንዴ ዞሩት፣ ጣራውን መታ መታ አደረጉት፣ ምንም ሳያደርጉ ተመለሱ። የቀሩት ነጠላቸውን አጣፍተው ውሃው ዳር ተሰልፈዋል። አንዲት ቱሪስት ፎቶ እያነሳች ምን በዓል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ማስረዳቱ ስለሚረዝም ጥምቀት ነው አልኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጎረቤቴ ያሏቸውን አራት ወንበሮች ሁሉ አወጡና ሁለት ሰዓት ብቻ ታገሡ አሉን። አጎቴን አስቀመጥኳቸውና ጎንበስ ብዬ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኳቸው። «አሜን» አሉ፣ ከምራቸው። ያኔ እናቴ ሳቀች። በነጠላዋ አፏን ሸፍና፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። አባቴ ካረፈ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ሳቋ ሲያበቃ አጠገቤ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ እኮ ውሃውን ፈርቼ አይደለም» አለች፣ ሳታየኝ። «ቤቱ ሰፋብኝ። ቴሌቪዥኑን ሳላጠፋ ነው የምተኛው።»

አፈርኩ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ስለ ከተማዬ ስከራከር ኖሬያለሁ፤ እሷ ስለ ከተማ እያወራች አልነበረም።

«ውሉን ልተወው?» አልኳት። የምሬን ነበር።

ጎረቤቴ ብስኩት አዙረው ነበር፤ አንዱን ገምጣ ቀሪውን ለእኔ ሰጠችኝ።

«አይ፣ ፈርሚ» አለች። «ግን ለእኔም ቁልፍ አስቀርጪልኝ።»

እስኪቀረጽ አላስቻለኝም፤ የራሴን ከመያዣው አውጥቼ ሰጠኋት።

ሰኞ ውሉን ፈርሜ ከሥራ ስመለስ የራሴ በር ላይ ያለ ቁልፍ ቆሜ ቀረሁ። ደወልኩላት።

«መጣሁ» አለች፣ ነገሩን እንኳ ሳልጨርስ። በዚያ ትራፊክ ከሲልቨር ስፕሪንግ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት።