የእነ ደምሴ ጠላ

ባለፈው ወር ወንድሜ ያስተምርበት በነበረው ዩኒቨርሲቲ መታሰቢያ ተደረገለት። አንድ ከረባት ያሰረ ሰው «ለሰላም የተሰዋ ምሁር» አለው። አጨበጨቡ። እኔ እጄን አላነሳሁም። ወንድሜ አልተሰዋም። ተገደለ። በምን ምክንያት እንደተገደለም ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ተፈራ ይባላል። በአሥራ ሁለት ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጦርነት እንዴት እንደሚነሳና እንዴት እንደሚቆም ሲያጠና ኖረ። በተገደለበት ዓመት ገብስ ሲታጨድ ወደ መንዝ መጣ። ከሞላሌ ወዲያ ባለው መንደራችን እነ ደምሴና እነ ወልዴ በእርሻ ድንበር ደም ተቃብተው ነበር። ሽማግሌዎቹ «ተምረኸዋል አይደል? ና፣ አብረኸን ተቀመጥ» አሉት።

በእኛ አገር አስታራቂ እርቁ እስኪያልቅ ከሁለቱም ቤት እህል ውሃ አይቀምስም። ከቀመሰ የዚያ ቤት ሰው ሆነ ማለት ነው። ጋሼ ይህችን ሥርዓት ካነበበው መጽሐፍ ሁሉ አብልጦ ይወዳት ነበር።

ዓርብ ከሰዓት እነ ደምሴ ቤት ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

«ዶክተር፣ በውሃ ጥም ልትሞትብን ነው? ቅመስ እንጂ!» አለችው የደምሴ ሚስት።

«እርቁ ይለቅ እንጂ ጋኑን ነው የምጨርስልሽ።»

ተሳሳቁ። እሱ ሲወጣ እኔ ኋላ ቀረሁ። ዳገቱ ጉሮሮዬን አድርቆታል። «አንተ እንኳ ሽማግሌ አይደለህም» ብላ ዋንጫውን ሰጠችኝ። ደጃፍ ላይ ቆሜ ጨለጥኩት። አንድ የእነ ወልዴ ዘመድ አህያ እየነዳ ሲያልፍ አየኝ።

ወሬው እነ ወልዴ ቤት ሲደርስ ጠጪው ጋሼ ሆኖ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ የወልዴ የበኩር ልጅ መንገድ ላይ ጠበቀው። «የእነ ደምሴን ጠላ ጠጥተህ ልትፈርድብን!» ብሎ ሲተኩስበት አጫጆች ሰምተዋል።

ሲነጋ ግቢያችን በለቅሶተኛ ሞላ። አጎቴ ጠመንጃውን ደረቴ ላይ አስደገፈው። «ወንድ ከሆንክ ያዝ!»

አልያዝኩም። አስከሬኑ ሳይወጣ ብቻዬን እነ ወልዴ ደጅ ሄድኩ። ሽማግሌው ወልዴ ዱላቸውን ይዘው ወጡ።

«ምን ፈለግህ?»

ይቅርታ ልጠይቅም፣ ልሰጥም አልሄድኩም። እስከ ዛሬም አልሰጠሁም።

«ጠላውን የጠጣሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ልጅዎ የገደለው ምንም ያልቀመሰውን ሰው ነው። ይህን ይዘው ይኑሩ።»

ወደ ቤት ተመልሼ በለቅሶተኛው መሀል አለፍኩና አስከሬኑ አጠገብ ለተቀመጠችው እናቴ ጠላውን የጠጣሁት እኔ መሆኔን ነገርኳት።